የጌትነት የውሃ ቦርሳ

ዓለምነው ሰልባጅ ነጋዴውን አያ ላቀውን በኮሌታቸው ጨምድዶ ከቆርቆሮ ግድግዳው ጋር አላተማቸው። ከላይ የተንጠለጠሉት ጃኬቶች በሁለቱም ራስ ላይ ረገፉ።

«ይሄን ቦርሳ ከየት አመጣኸው?» አለ፣ እስካሁን አንቱ ሲላቸው የቆየውን ሰው አንተ ብሎ።

«ምነው ልጄ፣ ምን አደረግሁህ?»

አፋቸውን በቡጢ መታቸው።

ከጥቂት ደቂቃ በፊት እንደ አባትና ልጅ ሲጫወቱ ነበር። ዓለምነው የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው፤ በእረፍት ቀኑ የተራራ ብስክሌት ይነዳል። በመጪው እሑድ ከብስክሌት ክለቡ ልጆች ጋር ወደ ኮሶዬ ሊወጣ ስላሰበ፣ ውሃ ተሞልቶበት እየነዱ በቀጭን ቱቦ የሚጠጡበት የጀርባ ቦርሳ ፍለጋ ቅዳሜ ገበያ መጣ። በዚያ ኮረኮንች ላይ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ጠርሙስ የሚከፍት ለጥርሱ የማይሳሳ ሰው ብቻ ነው።

አያ ላቀው ሁለት ቦርሳ አወረዱለት። ሰማያዊው አዲስ ነው፤ ግን የደረቱ ማሰሪያ ስስ ስለሆነ አቀበት ላይ ይዋልላል። ግራጫው ያገለገለ ቢሆንም የውሃ ከረጢቱ ወፍራም፣ ቱቦውም ለስላሳ ነው። አያ ላቀው እንደማያፈስ ሊያሳዩት ከጀሪካን ውሃ ሞሉበትና «ሸጋ ነው፣ ጠብ አይልም» አሉት። ዓለምነው አዝሎት የደረቱን ማሰሪያ ሲቆልፍ ጣቱ ጠማማ ስፌት ነካ። በዓሣ መረብ ክር የተሰፋ ነው። ከጌትነት ጋር ሲነዱ ጣና አቅራቢያ እንፍራንዝ ላይ ማሰሪያው ሲበጠስ፣ ክሩን ከዓሣ አስጋሪ ለምኖ የሰፋው እሱ ራሱ ነበር። ቦርሳው የጌትነት ነው።

ጌትነት የልብ ጓደኛው ነበር። ከፋሲካ በኋላ የኮሶዬ መንገድ ላይ ብስክሌቱን የፈለጉ ሰዎች ጭንቅላቱን በዱላ ፈርክሰው ገደል ሥር ጣሉት። ገዳዮቹ አልተያዙም። ዓለምነው ቦርሳውም ከብስክሌቱ ጋር የተዘረፈ መስሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚመታው ሰው ሲፈልግ ኖሮ፣ ዛሬ አገኘ።

«ማን ሸጠልህ? ስሙን ጥራ።»

«ከሟች ልብስ ጋር የመጣ ነው... አባ ወልደኢየሱስ ናቸው ያመጡት።»

«ደግሞ በቄስ ልታሳብብ ነው?»

ደገማቸው። በጉልበታቸው ሲወድቁ ጎናቸውን ረገጠ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎት ነበር፤ የእጁ ቆዳ በተላጠ ቁጥር ደረቱን ቀለለው። አሁንም እግሩን ሲያነሳ፣ ጎን ለጎን ጫማ የምትሸጠው ወይንሸት በከባድ ቦት ጫማ ማጅራቱን አለችው። ሁለት ወጣቶችም እጁን ጠምዝዘው ያዙት።

«አንተ አውሬ፣ ሽማግሌ ልትገድል ነው? አባ ሲያመጡት እኔም ነበርኩ። በነጭ ማዳበሪያ፣ አፉ በቀይ ሲባጎ የታሰረ። ለነፍስ አባት የተሰጠ ልብስ ነው። ጃኬቱ ተሸጠ፣ ሱሪው ያውልህ» አለችና ፖሊስ ልትጠራ ሮጠች።

ዓለምነው ሱሪውን አየ። ያን ጊዜ ማዳበሪያው ትዝ አለው። በጌትነት ዐርባ ዕለት እናቱ እትዬ ሐረገወይን «ልብሱን ለነፍስ አባቱ አድርስልኝ፣ እኔ አልችልም» ብለው ሰጥተውት ነበር። ከብስክሌቱ ኋላ አስሮ አባ ቤት ያደረሰው እሱ ነው። ሲባጎውን ፈትቶ ለማየት አንጀቱ አልቻለም ነበር፤ ቦርሳው ውስጡ እንደነበር ያወቀው ገና አሁን ነው።

መታገሉን ተወ። «እኔ ነኝ ያመጣሁት» አለ። ወጣቶቹ ምን እንደሚል ባይገባቸውም፣ እንደማይታገላቸው ሲያዩ ለቀቁት።

አያ ላቀው ደም ይተፋሉ። ዓለምነው አጠገባቸው ተንበርክኮ የቦርሳውን ቱቦ ከትከሻው ላይ ስቦ አቀበላቸው።

«ይጉመጥመጡበት።»

ሽማግሌው ለአፍታ ዓይን ዓይኑን አዩት፤ ከዚያ ተቀብለው ሳቡ። የተፉት ውሃ ቀይ ነበር፤ አንድ ጥርስ አብሮት ወጣ።

«ሟቹ ወንድምህ ነው?»

«ጓደኛዬ ነው። አያ ላቀው፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«አሁን ይቅርታ ከአፌ አይወጣም፤ ያመኛል።» ከንፈራቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ፖሊስ ሳይመጣ ቦርሳህን ይዘህ ሂድ። ሐዘንተኛ አሳሰረ እንዳልባል።»

የራሱ ብስክሌት ደጁ ላይ ቆማለች፤ የሚይዘውም ሰው አልነበረም። ዓለምነው ቦርሳውን ከጀርባው አውልቆ መልሶ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። የረገፉትን ጃኬቶች ከመሬት ለቃቀመ። ከዚያ ከአያ ላቀው ጎን፣ የሰልባጁ ጥቅል ላይ ተቀምጦ ፖሊሱን መጠበቅ ጀመረ።