የሞኒማላ ዴቢ ጉንጭ

ናሊታጋንጅ በምትባል ከተማ ውስጥ ስም ያተረፈ ሰው ሁሉ ስሙ አንድ ነገር ላይ ተጽፎለታል። ቤተ መጻሕፍቱ በቃጫ ነጋዴው፣ የጀልባ ማቆሚያው በዳኛው፣ የሴቶች ትምህርት ቤቱ ደግሞ በመሥራቿ በሞኒማላ ዴቢ ስም ይጠራል። የካንታ ስም የትም አልተጻፈም። አርባ አንድ ዓመት የትምህርት ቤቱን ደወል ስትመታ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት፤ ከተማው ሁሉ «ማሺ»፣ አክስቴ እንደማለት፣ ይላታል። ፊቷ ግን ከአዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ይህን የምታውቀው ደግሞ እሷ ብቻ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞኒማላ ዴቢ በልጅነታቸው ፈንጣጣ ፊታቸውን ስላበላሸው ዕድሜ ልካቸውን ፎቶ አልነሣም እንዳሉ ኖሩ። ሲሞቱ አንድም ፎቶ አልተገኘም። የዚያን ጊዜዋ ርእሰ መምህርት የመሥራቿን ፎቶ ግድግዳ ላይ ማየት የሚፈልግ ተቆጣጣሪ ሊመጣባት ነበርና ጨነቃት፤ የሃያ አራት ዓመቷን ካንታን የሟቿን ነጭ ሳሪ አልብሳ፣ መነጽራቸውን ሰክታላት ፎቶ ቤት ወሰደቻት። ባለ ፎቶው በብሩሽ ሽበት ጨመረበት። «ለሦስት ቀን ብቻ ነው» አለቻት። ሦስቱ ቀን ሃምሳ ዓመት ሆነ። ርእሰ መምህርቷ ተዛውራ ሄደች፣ እዚያው ሞተች። ሞኒማላ ዴቢ በመጨረሻ ዓመታታቸው ከቤት አይወጡም ነበርና እውነተኛውን ፊት የሚያውቁት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም፣ መሥራች ቆንጆ ብትሆን ምን ይጎዳል ብለው ይሆናል፣ ዝም እንዳሉ ተራ በተራ አለፉ። የደወል መቺን ፊት ደግሞ ማን ልብ ብሎ ያያል?

በየዓመቱ በመታሰቢያው ቀን ፎቶው ላይ የአበባ ጉንጉን ይደረጋል። በዚያ አገር ጉንጉን የሚደረገው ለሞተ ሰው ፎቶ ነው። ካንታ የመጀመሪያውን ዓመት በፍርሃት ልታልቅ ነበር፤ ሳል በያዛት ቁጥር «አለቀልኝ» ትላለች። ኋላ ለመደችው።

ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ መቶ ዓመት ሞላውና ሐውልት ይሠራ ተባለ። የከተማውን ታሪክ የሚጽፉት ጡረተኛው የሒሳብ መምህር አኑኩል አንድ ጠዋት እየተጣደፉ ካንታ ቤት መጡ።

«ማሺ፣ ተነሺ! የጭቃው ሥራ አልቋል። ነገ ቅርጹ ተወስዶ ነሐስ ይፈሳል፤ ከዚያ በፊት እይው።»

ቀራጩ ጎውር ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ እርጥቡን ጨርቅ ሲገልጠው ካንታ የገዛ ራሷን ፊት አየች። ጉንጩ እንደ እንቁላል ለስልሷል። የሞኒማላ ዴቢን እውነተኛ ጉንጭ የሚያስታውስ ሰው ከእሷ ሌላ አልቀረም፤ ነሐሱ ከፈሰሰ ያ ፊት ጨርሶ ጠፋ ማለት ነው። ብትናገር ደግሞ ከተማው ሃምሳ ዓመት ለደወል መቺ ሲያጎነብስ መኖሩን ሊሰማ ነው። በስተርጅና መሳቂያ መሆን፣ ባስ ሲልም አታላይ መባል።

ካንታ ያወቀቻቸው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ነበር። ኩሬ ዳር ድስት ስትፈገፍግ ሞኒማላ ዴቢ አጠገቧ ቁጢጥ ብለው «ቁጥር ታውቂያለሽ?» አሏት። አላውቅም ስትላቸው የፈንጣጣ ጠባሳ የሞላበትን ግራ ጉንጫቸውን አስጠጉላት። «በይ እነዚህን ቁጠሪ። አትፍሪ፣ በጣትሽ ቁጠሪ።» ካንታ መቁጠር የተማረችው እዚያ ጉንጭ ላይ ነው።

«መምህር» አለች፣ «ጉንጫቸው እንዲህ አልነበረም፤ የፈንጣጣ ጠባሳ ነበረበት።»

«እንዴት አልነበረም? ፎቶው ይኸው!»

«ፎቶው እኔ ነኝ።»

አኑኩል ሳቁ። ካንታ የሳሪዋን ጫፍ ከራሷ ላይ ገፋ አድርጋ፣ መነጽራቸውን ከአፍንጫቸው ላይ አንሥታ ራሷ አደረገችው። ሳቃቸው ቀጥ አለ። ጎውር አንዴ ጭቃውን አንዴ እሷን እያየ፣

«ይህን አፍንጫ የት ነው የማውቀው እያልኩ ሳምንት ሙሉ ስብሰለሰል!» አለ።

«ማሺ» አሉ አኑኩል፣ «ሃምሳ ዓመት የሙት ጉንጉን ስናደርግልሽ ኖርን!»

«እና ሞቼልዎታለሁ?»

«እኔ እኮ በየፈተናው ጠዋት እጄን አጣምሬ፣ ተማሪዎቼን አሳልፊልኝ እያልኩ እለምንሽ ነበር!»

«ታዲያ አላለፉም?»

አኑኩል የጭቃ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ካንታ መነጽራቸውን መለሰችላቸው። በመጨረሻ የጠየቁት የሒሳብ መምህር የሚጠይቀውን ነበር።

«ጠባሳው ስንት ነበር?»

«በግራ በኩል ሃያ ሦስት።»

ጎውር የቀርከሃ መቅረጫ እንጨቱን አቀበላት። «አንድ» አለች፣ ወጋችው። «ሁለት» አለች። ጣቷ ቦታውን አልረሳም። ሃያ ሦስት ስትል እንጨቱን ጣለችና እንደ ልጅ አለቀሰች። «እኚህ ናቸው» አለች፤ «እኚህ ናቸው የኔ እናት።»

በምረቃው ዕለት ጨርቁ ሲነሣ ጉምጉምታ ሆነ። «ገና ሳይመረቅ ዛገ እንዴ?» አሉ የኮሚቴው ሰብሳቢ። አኑኩል ተነሥተው ሁሉንም ከሥሩ ተናገሩ። አንዳንዱ ፊቱን አጨማደደ፣ ብዙው ካንታን ለማየት አንገቱን አሰገገ። ሁለት መምህራን እየሮጡ ሄደው ጉንጉኑን ከፎቶው ላይ አውርደው ይዘው መጡ።

«አትጣሉት» አለቻቸው ካንታ፣ «እኔም ብዙ አልቆይም፣ ትፈልጉታላችሁ።»

ሕዝቡ ገና እየሳቀ ሳለ አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ ሐውልቱ የቆመበት ድንጋይ ላይ ወጥታ ጠባሳዎቹን በጣቷ ትቆጥር ጀመር። «...ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት» ብላ ቆመች። «ማሺ፣ ሃያ ሁለት ናቸው!»

«አንዷ ከጆሯቸው ሥር ናት» አለች ካንታ። «አትፍሪ፣ ድገሚው።»

ልጅቷ ከአንድ ጀመረች።