የደበዘዘው ብልቃጥ

እሸቴ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋ። "የእኔንም ቅጂ። የጤነኛ ደም ምን እንደሚመስል ይታይና ይህች ሴት ወንድሜን ምን እንዳበላችው ይለይ።"

"ይህች ሴት" የወንድሙ ሚስት ብዙነሽ ናት። ባሏ ዘውዱ ቀን ማንቀላፋት፣ ሌሊት መባዘን፣ የልጆቹን ስም መርሳት ከጀመረ ወዲህ ጉና ሥር ያለው ዘመድ ሁሉ በዓይኑ ይጠረጥራታል። እሸቴ ግን አፍ አውጥቶ ተናገረው፤ ይኸው ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ድረስም ክሱን ይዞ መጣ። ዘውዱ ከጎን ክፍል ተኝቷል።

ደሙን የቀዳችው ሂክማ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ናት። የእሱንና ቀድማ የቀዳችውን የዘውዱን ብልቃጥ በረዶ ውስጥ ቀበረቻቸው። በጉና ብርድ ለኖረ ሰው፣ ደም እንዳይሞቅ ይህን ያህል መጨነቅ ያስቃል፤ ብዙነሽን ግን ያን ቀን የሚያስቃት ነገር አልነበረም።

ቀዩ ደም ተለይቶ ከላይ የቀረውን ውሃ መሰል ነገር ሂክማ ከነጭ ዱቄት ጋር ቀላቀለችው።

"ይህ ዱቄት ውስጡ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ብቻ ነው" አለች። "በዚህ ልዩ መብራት ሲታይ ሰማያዊ ያበራል። ደም ውስጥ ያለው አሞኒያ የሚባል ቆሻሻ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ ግን ይደበዝዛል። ገና ሙከራ ላይ ነው፤ የመጨረሻውን የሚናገሩት ሐኪሙ ናቸው።"

መስኮቱ ተጋረደ። የእሸቴ ብልቃጥ ደምቆ አበራ። የዘውዱ ጭል ጭል አለና ደበዘዘ።

"አላልኩም?" አለ እሸቴ። "መርዝ ነው።"

ብዙነሽ፣ ሳላውቅ የሰጠሁት ነገር ይኖር ይሆን ብላ ራሷን ጠረጠረች።

"መርዝ አይደለም ጋሼ" አለች ሂክማ። "ከምንበላው ምግብ በሁላችንም አንጀት ውስጥ ይፈጠራል፤ እርስዎም አለዎት። የእርስዎ ጉበት ያጣራዋል፤ የእሳቸው ግን ደክሟል። ያልተጣራው ወደ ጭንቅላት እየወጣ ነው የሚያምታታቸው።"

ሐኪሙ ገብቶ ብልቃጦቹን አየ። "እኔም የጠረጠርኩት ጉበታቸውን ነው። ሕክምናውን ዛሬ እንጀምራለን" አለና ወደ እሸቴና ወደ ብዙነሽ ዞረ። "የባህል መድኃኒት ጠጥተዋል? ጉበት የሚጎዳ ሥር አለ። እሱን ደብቃችሁኝ ቤት ሲገቡ ከቀጠሉበት ድካማችን ከንቱ ነው።"

እሸቴ አቀረቀረ። ክረምት መውጫ ላይ የዘውዱ ዓይን ቢጫ ሲሆን "የወፍ በሽታ ነው" ብሎ የሥር ጭማቂ በጠርሙስ ያመጣው፣ ጠዋት ጠዋትም በእጁ ያጠጣው እሱ ነበር። ብዙነሽ ጠርሙሱን ከማጠብ በቀር አልነካችውም።

እሱን ለማጋለጥ አሁን አንድ ቃል ይበቃታል። በዘመድ አዝማድ ፊት ያዋረዳትን ሰው ቀና ብላ አየችው። ደም የተቀዳበትን ክንዱን በጥጥ እንደያዘ ወንድሙ ወደተኛበት ክፍል ያያል። ወንድሙን ይወዳል፤ ይህን ልትክደው አልቻለችም።

"ጠጥቷል" አለች። "የወፍ መድኃኒት ነው። ያጠጣነው እኔና ጋሼ እሸቴ ነን።"

ሐኪሙ ብዕሩን አነሳ።

"የለም ዶክተር" አለ እሸቴ። "እሷ እጇ የለበትም።"