የደጀ ሰላሙ ስብሰባ

አባ ወልደተንሣኤ ሲወዱም ሲቆጡም ከልባቸው ነው። አንኮበር አፋፉ ላይ ባለው ደብር ሲቀድሱ ኖረዋል፤ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ሲመረጡም እጁን ያላወጣ ሰው አልነበረም። ደግሞስ ሌላ ማን ይመረጥ? የክፍሎቹን ጣሪያ ነፋስ የገነጠለው ጊዜ ሰውን ከየቤቱ አውጥተው ቆርቆሮ ያስመቱት እሳቸው። ልጁን በአጨዳ ሰበብ ከትምህርት ያስቀረውን አባት «ሁለተኛ ለንስሐ እንዳትመጣብኝ!» ብለው ያስደነገጡትም እሳቸው።

ችግሩ ወላጁ ስብሰባ አለመምጣቱ ነበር። አረም አለ፣ ለቅሶ አለ፣ የታመመ በሬ አለ። ትምህርት ቤቱ ያለው ቁልቁለቱ ወገብ ላይ ስለሆነ ከላይም ከታችም ልጅ ይመጣበታል፤ ልጅ ይምጣ እንጂ አባትና እናት ግን ለስብሰባ ብለው ያንን ገደል መውረድና መውጣት አይሆንላቸውም። አባ አወጡ አወረዱና አንድ ቀን መላ መጣላቸው። የወሩ ሚካኤል ሲውል ማንም ሞፈር አያነሣም፤ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዳሴው አብቅቶ ሰዉ ጸበል ጸዲቁን ቀምሶ ሳይበተን፣ እዚያው ደጀ ሰላም ስለ ልጆቹ ቢመካከርስ?

መላው ሠራ። ደጀ ሰላሙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። በስብሰባ ስም ሲጠሩት ጥርሱን የሚያመው ሁሉ፣ ዳቦውን እየገመጠ ስለ መጽሐፍ እጥረትና ስለ ሴቶች መጸዳጃ ቤት ይከራከር ጀመር። ከደብረ ብርሃን የመጣችው ርዕሰ መምህርት ትዕግስት ብቻ ቅር አላት።

«አባ፣ ከታች፣ ከአሊዩ አምባ በኩል የሚመጡት ልጆች ወላጆችስ? ሙስሊሞች ናቸው እኮ» አለች።

«የእግዚአብሔር ደጅ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ልጄ» አሏት።

እውነታቸውን ነበር። ቅንጣት ክፋት አልነበረበትም። ክፋት ቢኖርበትማ ኋላ ነገሩ እንዲህ ባልከበዳቸው፤ ክፉ ሰው የሚሠራውን እያወቀ ነው የሚሠራው።

ስብሰባው አልቆ ከቅጥሩ ሲወጡ፣ ከበሩ ፈንጠር ብሎ ካለው ጥድ ሥር አንዲት ሴት ተቀምጣ ያገኙ ነበር። ዘሀራ ናት፤ ከታች ከአሊዩ አምባ መንገድ፣ ባሏ የሞተባት፣ ሰሚራ የምትባል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ልጅ ያለቻት። አባን ስታይ ብድግ ብላ እጅ ትነሣለች።

«እንደምን አለሽ ዘሀራ? ዳገቱ አደከመሽ?» ይሏታል።

«ደህና ነኝ አባ፣ አልሐምዱሊላህ።»

አንዳንዴ ከያዘችው ዘንቢል ሎሚ አውጥታ ትሰጣቸዋለች። ቆላ ሎሚ ደጋ ላይ ብርቅ ነው፤ አባም መርቀዋት ይቀበላሉ። በልባቸውም፣ ይቺ ሴት ሎሚ ልትሸጥ ይህን ሁሉ አቀበት ስትወጣ ታሳዝናለች ይላሉ። በሌላው ወር ሚካኤልም እንዲሁ፤ በሌላውም እንዲሁ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ትልቅ ዜና መጣ። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ስምንተኛን ለጨረሰች አንዲት ሴት ልጅ ቦታ ሰጠ። ምግቧም መኝታዋም በትምህርት ቤቱ ነው። ማን ትሂድ የሚለውን የወላጆች ኮሚቴው ይወስን ተባለ። ርዕሰ መምህርቷ ደጀ ሰላሙ መሐል ቆማ፣ መምህራኑ ሁሉ ሰሚራን እንዳሉ ተናገረች። በሒሳብም በሳይንስም የሚስተካከላት እንደሌለ፣ ይህ ዕድል ካመለጣት ግን እናቷ ብቻዋን ልታስተምራት እንደማትችል አስረዳች።

አባ ጺማቸውን እያሻሹ፣ «ልጅቷስ ጎበዝ ናት፤ አልካድኩም» አሉ። «ነገር ግን አዳሪ የሚገባ ልጅ ወላጁ ካልተከታተለው ምን ይሆናል? እስቲ እናንተው ፍረዱ። እናቷን አንድ ቀን እዚህ ስብሰባ ላይ ያያት አለ?»

ያያት አልነበረም። ቦታው ለሮዳስ ተሰጠ። ሮዳስም ደህና ተማሪ ናት፣ አባቷም ከስብሰባ ቀርቶ አያውቅም፤ ሰዉ ደግ ፈረዳችሁ እያለ ተነሣ። አባ ሲወጡ ዘሀራ እንደ ልማዷ ጥዱ ሥር ነበረች። ብድግ አለች፣ እጅ ነሣች፣ ሎሚ ሰጠች። መርቀዋት አለፉ።

መስከረም ላይ ሰሚራ ከደላላ ጋር ሄደች ተባለ። በጅቡቲ በኩል፣ ወደ አረብ አገር። አባ ይህን ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። ምን ዓይነት እናት ናት? ስብሰባ አትመጣ፣ ልጇን አትከታተል፤ ጭራሽ ለደላላ ትስጥ? የአሊዩ አምባ ገበያ ሲቆም ጠብቀው፣ መስቀላቸውንና ምርኩዛቸውን ይዘው ቁልቁለቱን ወረዱ። መንገዱን ሙሉ ተግሣጹን እያሰናዱ ነበር የወረዱት፤ ያማረ ተግሣጽ ነበር።

ዘሀራን ሎሚና ሽንኩርት ዘርግታ አገኟት። ደንግጣ ተነሣችና የተቀመጠችበትን ጆንያ አራግፋ አነጠፈችላቸው። አልተቀመጡም።

«ልጅቷን ምነው እንዲህ አደረግሻት? ቀድሞ ብትመጪ፣ አንድ ቀን እንኳ ስብሰባ ገብተሽ ልጄን ብትዪ፣ ዛሬ ደብረ ብርሃን አልነበረችም?»

ዘሀራ ቀና ብላ አየቻቸው። አልተቆጣችም፤ ግራ የገባት ትመስላለች።

«አባ፣ እኔ መቼ ቀረሁ? በየወሩ እመጣ አልነበር?»

«የት?»

«ከጥዱ ሥር። ስብሰባው እዚያ ነው ሲሉኝ ጊዜ። ከቅጥሩ እንዳልገባ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቅዳሴ ላይ ያለ ሰው ነው፤ እኔ እስላም ሆኜ ዘው ብዬ ብገባ ነውር አይሆንም? ደግሞስ ሳይጠሩት አቤት ይባላል? ሰው ሲወጣ የሚነግረኝ አላጣም ብዬ ነው የምቀመጠው።»

«ታዲያ ምነው አልነገርሽኝ? በየወሩ አገኝሽ አልነበር?»

«አዎ፣ ያገኙኝ ነበር» አለች ዘሀራ። «ሰላም ይሉኝ የለ? እንግዲህ አባ መምጣቴን አይተዋል፣ ቀረች አይሉኝም ብዬ፣ ወላሂ፣ ደስ ብሎኝ ነበር የምወርደው።»

አባ ወልደተንሣኤ ጆንያው ላይ ተቀመጡ።

«ልጅቷን እኔ አልሰጠኋትም» አለች ቀጥላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቦታው ለሌላ ሆነ ሲሏት፣ እናትሽ ስብሰባ ስለማትመጣ ነው አሏት። እኔን ጠየቀችኝ። መጥቻለሁ ብላት አላመነችኝም። እየሄድሽ ሎሚ ስትሸጪ ነበር አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አላናገረችኝም፤ አንድ ማለዳ ብነሣ የለችም።»

ይህን ሰምተው ያንን አቀበት እንዴት እንደወጡት አባ ራሳቸውም አያውቁትም። የሰው ፊት ሲያነቡ የኖሩ ካህን፣ አንዲትን እናት በየወሩ እያዩ አላዩአትም። ሎሚዋን ተቀብለው ልጇን አሳልፈው ሰጡ። ለዚህ ሥራቸው ሌላ ስም ቢሰጡት ደስ ባላቸው፤ አጡለት።

በማግሥቱ ስብሰባው ከደጀ ሰላም ወጥቶ ትምህርት ቤት እንዲሆን አዘዙ። ሰዉ አጉረመረመ። አንዱ ሽማግሌማ፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ አሁን ምን ፋይዳ አለው?» አላቸው። አባ ግን ወደ ታች ያሉትን ቤቶች በየደጃፉ እየዞሩ ራሳቸው ጠሩ። ዘሀራ ቤት ሲደርሱ ግን ሳያንኳኩ አለፉና ጎረቤቷን፣ «ለሁሉም ንገሪ» ብለው ተመለሱ።

በስብሰባው ቀን ከላይም ከታችም ሰው መጣ። ነጠላ የለበሰውም፣ ሽርጥ ያገለደመውም፣ ለልጅ በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። ዘሀራም መጥታ ከፊት ተቀምጣለች። አባ ሲያዩዋት የሰብሳቢነቱን ወንበር ትተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

ርዕሰ መምህርቷ፣ «እንተዋወቅ፤ እያንዳንዳችሁ የማን ወላጅ እንደሆናችሁ ንገሩን» አለች። ሰዉ በየተራ እየተነሣ ልጁን ጠራ። እንዲህ እየተባለ ዘሀራ ዘንድ ደረሰ።

ብድግ አለች።

«እኔ እንኳ አሁን እዚህ የምትማር ልጅ የለችኝም» አለች። «ዘንድሮ ወላጆች ሁሉ ይግቡ ተብሏል ሲሉኝ ነው የመጣሁት። ሰሚራ ስትደውል፣ ገብቼ ነበር እንድላት።»

ከዚያ በኋላ የሚነሣ ሰው ጠፋ። ርዕሰ መምህርቷ፣ «አባ፣ እስቲ እርስዎ ቀጥሉ» ብትላቸው፣ ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁና ግድግዳው ሥር እንደቆሙ ቀሩ።