የዘኬዮ ጥርት ያለ ንያንጃ

ዘኬዮ አፉን ይወድ ነበር። በምሥራቅ ዛምቢያ፣ በካቴቴ ዙሪያ የእሱን ያህል ጥርት ያለ ንያንጃ የሚናገር የለም፤ ይህንንም የሚያወራው ራሱ ነው። የዋና ከተማዋን የሉሳካን ንያንጃ ያነሳችሁበት ቀንማ ጉድ ፈላ!

"እሱ ደግሞ ቋንቋ ነው? ቤምባውን፣ እንግሊዝኛውን፣ የታክሲ ረዳቱን ስድብ አንድ ድስት ውስጥ አማስለው!" ይልና እንትፍ ይላል።

እህቱ ኤስናት ይህን ሁሉ ችላ ኖራለች። ምን ታድርግ? በሕዝባቸው በቼዋ ወግ የልጆቿን ትዳር የሚጨርሰው የእናት ወንድም ነው። ሁለቱን ሴቶች ልጆቿን ሉሳካ ወስዳባታለች፤ የቀረቻት ፋሌሲ ብቻ ናት። እሷንም የሚጠይቅ ሲመጣ ወንድሟን ለመነችው።

"ወንድምዬ፣ ልጁ እንደ ወጋችን እዚሁ ጎጆ ይቀልስ። ሌላ ምንም አልፈልግ።"

"ለኔ ተይው" አላት።

ጠያቂው ኬልቪን የሉሳካ ሚኒባስ ሹፌር ነው። የልጅቷ እናት ከሽምግልናው አትቀመጥምና ኤስናት ከማድቤቱ ግድግዳ ጀርባ ጆሮዋን ጣለች።

"ባምቦ፣ አባቴ፣ ኖ ፕሮብሌም!" አለ ልጁ። "ቤቱን እዚሁ እሠራለሁ። ሚኒባሷንም ከዚህ ቺፓታ ከተማ ድረስ እነዳታለሁ። ፋሌሲን ካገኘሁ ሌላው ሲምፕል ነው።"

ኤስናት እልል ልትል ምንም አልቀራት።

"ምን አለ ይሄ?" አለ ዘኬዮ። "እኔ ጩኸት እንጂ ንግግር አልሰማሁም። ሂድና መናገር የሚችል ሰው ይዘህ ና!"

ልጁ ፊቱ ቀልቶ ወጣ። ኤስናት ከማድቤት እየሮጠች መጣች። "እሺ እኮ ነው ያለህ!"

"በዚያ አፍ የተባለ እሺ፣ እሺ አይባልም" አለ ደረቱን ነፍቶ። አይ ዘኬዮ!

ኬልቪን ተመልሶ መጣ፤ ግን ስድቡ ልቡን አሻክሮታል። ንያንጃ ከነወዙ ከሚነገርበት ከማላዊ ካምዌንዶ የሚባል ሽማግሌ ይዟል። ሽማግሌው ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ በቀስታ አጨበጨበና ልጅቷን በዶሮ መስሎ፣ አንዲት ዶሮ ጠፍታባቸው ዱካዋን ሲከተሉ እዚህ ግቢ እንደደረሱ ተናገረ። እንዴት አድርጎ! ዘኬዮ ቅቤ ሆኖ ቀለጠ። እሱም የዶሮዋን ዘር እያሞገሰ መለሰ፣ ሽማግሌውም ደገመው፤ ሲቀባበሉ ለክብር የቀረበው የበቆሎ ገንፎ ንሲማና የተጠበሰ አይጥ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ሽማግሌው፣ ዶሮዋ አውራው በሚውልበት በሉሳካ ግቢ ብትጭር የዚህ ግቢ ሰዎች ምን ይላሉ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ።

 መልሱ አንዲት ቃል ነበረች። ግን ይህን በመሰለ ንግግር ላይ ደረቅ ያለ "አይሆንም" መጣል ዘኬዮን አሳፈረው። የሚያምር እምቢታ ፈለገ፣ አጣ። የሚያምር እሺታ ግን ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። እሱኑ ተናገረውና አረፈው!

ፋሌሲን የጫነው ሚኒባስ ከሄደ በኋላ ዘኬዮ ገና ራሱን እየነቀነቀ ነበር።

"ሰውዬው ግን እንዴት እንደሚናገር ሰማሽው? እኔን እኮ ቃል አሳጣኝ!"

"የትኛውን ቃል?" አለች ኤስናት፤ እንባዋን በነጠላ ጨርቋ ጠረገች። "ከዚያ ሁሉ ንያንጃህ ውስጥ 'አይሆንም' የምትለዋ ጠፋችህ? ያ ልጅ በረዳት አፉ 'እዚሁ እሠራለሁ' ሲል፣ እኔ ከግድግዳ ጀርባ ሆኜ እንኳን ጥርት አድርጌ ሰምቼው ነበር።"