የአንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ መንገድ

ትኬት ቆራጯ የመንገደኞች ዝርዝር ላይ የወንድሟን ስም ስታይ ደሟ ፈላ። ነገ ጠዋት ይገባል፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። እናቱን ሊያይ? ምን ሲደረግ!

ከእሱ ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ እነሱ አውሮፕላን ማረፊያ አምስት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ነው፤ በአየር አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ። ይህን ለሰው በቀን ሃያ ጊዜ ትናገራለች። ለእናቷ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ የነገረቻት ሌላ ነው። "ሁለት ቀን ይፈጃል እማዬ፤ ሦስት አውሮፕላን መቀያየር አለ፣ አዳሩም ወንበር ላይ ነው።" ታዲያ ምን ትበል? ልጅሽ ሊያይሽ አልፈለገም ይባላል? እናት ሠላሳ ዓመት የሆቴል ሸሚዝ ስትተኩስ ኖራ፣ አሁን ዓይኗ ደክሞ አልጋ ይዛለች። የቀራት ምኞት አንድ ነው፤ ሳትሞት ልጇን በእጇ መዳሰስ።

በማግስቱ መውጫው በር ላይ ጠበቀችው። ጌታው (ከልጅነቱ ጀምሮ ቤት ውስጥ የወጣለት ስም ነው) ቦርሳውን እየጎተተ ብቅ አለ፤ ሲያያት ፊቱ ተቀየረ።

"አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ጭራሽ እኔን ትጠይቀኛለህ? ታክሲ ቆሟል፣ ግባ።"

"ስብሰባ አለኝ እኮ!"

"ስብሰባህ ገደል ይግባ! እምቢ ካልክ እዚሁ ሰው መሃል ጉድህን አፈላዋለሁ።"

እንደማትምረው ያውቃልና ገባ። እሱ ስልኩን ሲነካካ፣ እሷ ጥርሷን ስታፋጭ ቤት ደረሱ። በሩ ላይ ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው።

"ሁለት ቀን ተጉዘህ ነው የመጣኸው። እንዳትስት።"

"ማን አለ?"

"እኔ! ያንተን ነውር ልሸፍን ብዬ።"

"ጎበዝ፣ ጥሩ አስበሻል" ብሎ ሳቀ። በጥፊ ልታጮለው ምንም አልቀራት።

እናት አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ እጇን ዘረጋች። "መጣህልኝ? እኔን ልጄን! እኔን!" ፊቱን ዳሰሰች፣ ትከሻውን ዳሰሰች። ከዚያ ጣቶቿ የሸሚዙ እጀታ ላይ ደርሰው ቆሙ።

"በጣም ደክሞሃል?"

"ኧረ ተይኝ እማዬ፣ ወገቤ ቁርጥ ብሏል። ሁለቱንም ሌሊት ወንበር ላይ ነው ያደርኩት፣ ልብሴን እንኳ አልቀየርኩም።"

እናት እጇን ሰበሰበች። "በል ሂድ፤ ሥራ ይኖርሃል።"

ጌታው ሁለቴ አላስባለም። ጉንጯን ሳም አድርጎ ውልቅ አለ።

"ይኸው አገኘሽው እማዬ" አለች ትኬት ቆራጯ፣ ድምፅዋን የደስተኛ ሰው ለማስመሰል እየጣረች።

"ዛሬ ጠዋት ነው የተተኮሰው" አለች እናት።

"ምኑ?"

"ሸሚዙ። የእጀታው መስመር ምላጭ ነው። ሁለት ሌሊት ወንበር ላይ ያደረ ሸሚዝ ለእኔ ይጠፋኛል? እውነቱን ንገሪኝ፤ መንገዱ ስንት ሰዓት ነው?"

"አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ" አለች ልጅቷ።

እናት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ናፍቆቴን ውጬ፣ ልጄን አታንከራቱት፣ ይቅርበት እያልኩ የኖርኩት ለዚህ ነው? እሱ የዋሸኝ ዛሬ ብቻ ነው። አንቺ ግን ስድስት ዓመት! ውጪልኝ!"

"እማዬ፣ ለአንቺ ብዬ እኮ..."

"ውጪልኝ አልኩ!"

ትኬት ቆራጯ ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። ከውስጥ የእናቷ ለቅሶ ይሰማል፤ ስትጠራ የምትሰማው ግን የጌታውን ስም ነው።