የቱ ሆድህ ነው

እና ጸሎቱ ባያልቅ ብዬ ነው የምጸልየው፣ ኦቦ ዋጋሪ ግን አሜን ሊሉ ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜም ዋንጫው እጄ ላይ ይከብደኛል፣ ትኩስ ወተት፣ አሁን የታለበ፣ አረፋው እስከ አፉ ደርሷል፣ ኦቦ ዋጋሪ፣ ላገባት የመጣሁት የቀለሟ አባት፣ ለአማቻቸው የሚሰጡት የመጀመሪያ ነገር። ያውም አማች ከሆንኩ። ሽማግሌዬ ጋሼ ማዘንጊያ ጠዋት ከነቀምቴ ስንነሳ ነግረውኛል፣ ስማ ተረፋ፣ አምና ሊያገባት የመጣውን ጸሐፊ በምን እንደመለሱት ታውቃለህ፣ ወተታቸውን አልጠጣም ብሎ፣ ቤታችንን ናቀ አሉ፣ በቃ፣ ልጅቷን ከለከሉት።

አሜን።

ልጠጣ? ብጠጣ የሚመጣውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስንቴ ሥዬዋለሁ፣ የወተት ስኳር ማለት ሁለት ትንንሽ ስኳሮች ተያይዘው ነው፣ ተያይዘው ሳሉ አንጀት ወደ ደም አያሳልፋቸውም፣ የሚያላቅቃቸው ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፣ ኢንዛይም ደግሞ ፕሮቲን ነው፣ ለወተት ስኳር እንጂ ለሌላ የማይገጥም ቅርጽ ያለው፣ ሚስተር ቶማስ፣ ህንዱ አስተማሪዬ፣ እግዜር ዕድሜ ይስጣቸው፣ ከአባቴ ሱቅ ሦስት ጓጉንቸርና አንድ ቁልፍ አስመጡኝ፣ ሞክር አሉኝ፣ አንዱ ብቻ ተከፈተ፣ ቁልፉ አለቀ? አላለቀም፣ እንግዲህ ሺህ ጊዜ ይከፍታል፣ ኢንዛይም ማለት ይህ ነው፣ ሱቅ ለሱቅ ያደግሁት ልጅ ያን ቀን አስተማሪ መሆን አማረኝ። የእኔ ቁልፍ ግን ጠፍቷል። ሕፃን ሳለሁ ነበረኝ፣ እናቴ አጥብታ አሳድጋኛለች፣ ከዚያ ሰውነቴ መሥራቱን ተወ፣ የብዙ ሰው ሰውነት ይተዋል። ያልተላቀቀው ስኳር ቁልቁል ይወርዳል፣ ታች ላሉት ባክቴሪያዎች ሠርግና ምላሽ፣ ለእኔ ንፋት፣ ጉርምርምታ፣ ሩጫ፣ ቢዘገይ አንድ ሰዓት። እዚህ። ሽማግሌ መሐል።

ዱጊ፣ ጠጣ እንጂ ልጄ፣ ይላሉ ኦቦ ዋጋሪ።

ስለ ላክቴዝ ልንገራቸው? በምን ቃል፣ በአማርኛ የለ በኦሮምኛ የለ፣ አፌ ግን እኔን አልጠበቀም፣ ይቅርታ ኦቦ፣ ሆዴ አይቀበለውም።

ምን አልኩ? ሆዴ። ሆድ እኮ፣ ሆዴ ባባ፣ ሆዴ ሸሸ፣ ሆዴ ጠላው፣ በእነሱም ገራ ሲሉ ያው ነው፣ ሆድም ልብም፣ ስለ አንጀቴ ልናገር ብዬ ቤታቸውን ጠላሁ አልኳቸው፣ ምላስ አጥንት የለው፣ ጋሼ ማዘንጊያ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ፣ ልንነሳ ነው፣ ጓዳ ውስጥ ቀለሟ የያዘችውን ዕቃ አስቀመጠች። አጣኋት። በገዛ አፌ።

እናቷ አዴ ድርቤ፣ እስካሁን ቃል ያልተነፈሱት፣ ከበርጩማቸው ይነሳሉ፣ መጥተው ፊቴን ያያሉ፣ ላቤን ያያሉ። የቱ ሆድህ ነው? እ? እምቢ ያለው የቱ ሆድህ ነው ተረፋ፣ የሚወደው ነው የሚበላው? የሚበላው አዴ፣ የሚበላው ብቻ ነው፣ የሚወደውማ፣ አልኩና ወደ ጓዳው አየሁ፣ ደግሞም አላፈርኩም።

ዋንጫውን ከእጄ ይወስዳሉ፣ ጓዳ ገብተው ሌላ ይዘው ይወጣሉ፣ እርጎ፣ እነሱ ኢቲቱ የሚሉት፣ ይኼ ሆድ አይነፋም ይላሉ። አውቃለሁ አይነፋም፣ ሲረጋ ባክቴሪያው ብዙውን ስኳር ቀድሞ በልቶልኛል፣ እኔ ያጣሁትን ሥራ ሠርቶልኛል፣ ግን እሳቸው ከየት አወቁት፣ ማን አስተማራቸው፣ ሳልጠይቃቸው ይመልሳሉ፣ እኔም ወተት አይስማማኝም ልጄ፣ ከተዳርኩ ሠላሳ ዓመቴ፣ ሰው ፊት እጠጣለሁ፣ ጓሮ ሄጄ እታመማለሁ፣ ምን ሆንሽ ያለኝ የለም።

ኦቦ ዋጋሪ ሚስታቸውን ያያሉ። ሠላሳ ዓመት? ኤዬ፣ አዎ፣ ሠላሳ ዓመት፣ ይላሉ አዴ ድርቤ። በቁጣ አላሉም እኮ፣ ዝናብ ዘነበ እንደማለት ነው ያሉት፣ እኔ ዛሬ ለአንዴ ፈርቼ እንዲህ ከሆንኩ እሳቸው ስንቱን ቀን እንዴት ቻሉት፣ የደረሰባቸውን እኔ ላይ እንዳይደርስ አደረጉ፣ ምን ውለታ ይመልሰዋል፣ እናት ማለት ሌላ ምንድን ነው።

ኦቦ ዋጋሪ ይነሳሉ። ወደ ጓዳ። ወንድ ጓዳ ገብቶ የማያውቅበት ቤት ነው መሰለኝ፣ ቀለሟ፣ አባ ምን ፈለግህ፣ ስትል እሰማለሁ፣ ዕቃ ይንኳኳል፣ አንድ ነገር ወደቀ፣ ጋሼ ማዘንጊያ ወለሉን ያያሉ፣ አዴ ድርቤም ቆመው ይጠብቃሉ፣ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት የጠፋቸው ይመስላሉ።

እርጎ ይዘው ወጡ፣ በሁለት እጃቸው፣ እኔን አልፈው፣ ሽማግሌውን አልፈው፣ ለሚስታቸው። ዱጊ ድርቤ፣ አሉ፣ ዲፋማ፣ ይቅርታ ማለታቸው ነው፣ አዴ ድርቤም ተቀበሉ፣ ጠጡም፣ ሁላችንም እያየናቸው፣ እስከ መጨረሻው።