የይለፍ ቃል

ወንድሟ ሊዘምት ሲነሳ የከለከለው ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ናት። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አልሆን ሲላት ሰደበችው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው፣ ድንበሩንም እጁን ይዛ ያሻገረችው እሷ ነበረች። በሰው አገር ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ መኪና ላይ ጎብጣ ውላ ነው ግንበኝነት ያስተማረችው።

"በማን ጠብ ነው የምትገባው?" አለችው። "በደህናው ቀን ሰላምታ የነፈጉን ሰዎች፣ ለሞት ሲሆን ዘመድ አደረጉህ?"

"እትዬ፣ የሰፈሩን ግማሽ ግድግዳ ያቆምኩት እኔ ነኝ" አለ፣ ከጫማው ላይ የደረቀ ሲሚንቶ እየፈረፈረ። "ዛሬም ግን 'መጤው' ነው የሚሉኝ። ከዘመትኩ በኋላ ማን አፉን ይከፍትብኛል?"

"አፉን የሚከፍትብህማ አለ፤ መሬት!"

ሳቀ። እሱ ሲስቅ ደግሞ ቁጣዋ አይጸናላትም። ሄደ።

ጦሩ "ግንበኛው" የሚል ስም አወጣለት። ምሽግ ሲሠራ እጁ ወርቅ ነበርና አለቆቹ ወደዱት። ሲደውልላት ድምፁ ሞቅ ብሎ፣ "እዚህ እኩል ነን፤ ከአንድ ሳህን ነው የምንበላው" ይላታል። እሷም ሳትወድ በግዷ ኮራች። ስሟን ይዞ ጠርቷት የማያውቀው የፋብሪካው አለቃ እንኳ "የወታደሩ እህት" ይላት ጀመር።

አንድ ቀን መኮንኖች በሯን አንኳኩ። "በጠላት ጥይት፣ በጀግንነት ወደቀ" አሏት።

እውነቱን ይዞላት የመጣው አብሮት የነበረ ወታደር ነው፤ ክንዱ ቆስሎ ለሕክምና ሲመለስ ጎራ አለ። የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኗን ሽሽት መሬት መሬት እያየ ነገራት። ጠዋት ነው፤ ጉም ወርዷል። ግንበኛው ከቅኝት ሲመለስ አዲስ የመጣ ዘብ "የይለፍ ቃል!" ብሎ ጮኸበት። ቃሉን አልረሳም፤ ተናገረው። ግን ከእሱ አፍ ሲወጣ የባዕድ ቃል መሰለ። ዘቡ ተኮሰ።

"ከወደቀ በኋላም ይደጋግመው ነበር" አለ ወታደሩ። "ያልሰማነው መስሎት።"

"ምን የሚል ቃል ነው?"

"የወንዝ ስም ነው፣ እህቴ። እኛ ልጅ ሆነን የምንዋኝበት።"

ቀብሩ ላይ ከንቲባው "የአገራችን ልጅ" እያለ ብዙ ተናገረ። አንድ ሁለት ቃል በዪ ሲሏት ተነሳች። በእነሱው ቋንቋ፣ በመጤ አነጋገሯ፣ "ወንድሜን የገደላችሁት እናንተ ናችሁ" አለች። ሕዝቡ "ምን አለች? ምን አለች?" ተባባለ። ከንቲባው ትከሻዋን አቀፈና፣ "ወንድሜን የሰጠሁት ለእናንተ ነው እያለች ነው" አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። ከንቲባው ሳይገባው ይሁን ገብቶት፣ እስከ ዛሬ አላወቀችም።

ካገር ቤት አክስቷ ደወለች። "ለሚጠይቀን ሰው በምን ሞተ እንበል?"

"በጥይት።"

"የማን ጥይት?"

"አክስቴ፣ እባክሽ ተዪኝ" ብላ ዘጋች።

ሰኞ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ፋብሪካው የሚያሰፋው የወታደር ሸሚዝ ብቻ ነበር፤ የእሷ ድርሻ የደረት ኪስ ነው። አለቃው ቀረብ ብሎ "አይዞሽ" አላትና፣ አንድ ክምር ሸሚዝ ጨምሮላት ሄደ።